ማራቶንን ከዕረፍት ጋር ማጣመር፦ ከሐዋሳ ለሚነሳ ሯጭ

ማራቶን ሮጦ እዚያው መዝናናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከከተማው ነው። ዱባይ፣ ሮም ወይም ኢስታንቡል ይልና ቀኑን ኋላ ይፈልጋል። ሐዋሳ ላይ ለምንለማመድ ሰዎች ግን መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ወሩ ነው። 42.195 ኪሎ ሜትሩ በአንድ ጠዋት ቢያልቅም ዝግጅቱ አራት ወር ይፈጃል፤ አራት ወር ደግሞ እዚህ አገር ዝናብ፣ ጾም፣ በዓልና ድግስ ሳይገባበት አያልፍም። ወሩ ካልተመቸ ከተማው የቱንም ያህል ቢያምር ሩጫው ስቃይ፣ ዕረፍቱም ማገገሚያ ይሆናል።

በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቸገር የሚሮጥ ሰው 16 ሳምንት ይበቃዋል። ገና 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ስድስት ወር ይያዝ፤ በመሀሉም አንድ ግማሽ ማራቶን ይሩጥ። ከዚያ ከውድድሩ ዕለት ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ሩጫ የሚቀነስባቸው ናቸው። የመጨረሻው ረጅም ሩጫ፣ ማለትም ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትሩ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀር ይሮጣል። ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ስድስት ሳምንታት ናቸው ማራቶኑን የሚወስኑት። ውድድር ስትመርጡ ማየት ያለባችሁ እነዚያ ሳምንታት የት ላይ እንደሚያርፉ ነው።

በዚህ ዓይን ካየነው የመጋቢትና የሚያዝያ ውድድሮች፣ ሮምና ፓሪስን የመሳሰሉት፣ ለሚጾም ክርስቲያን ከባድ ናቸው። ከባዱ ልምምድ ወይም ውድድሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። አይቻልም ማለት አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ጥሉላት ባይበላም ጠዋት መቅመስ ስለሚቻል ረጅሙ ሩጫ እዚያ ላይ ይውላል። በሥራ ቀን ፍጥነት ያለበት ልምምድ ካለ ደግሞ ወደ ማታ ይገፋል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ 11 ሰዓት ላይ ይሮጣል። በባዶ ሆድ ጠዋት ጠንካራ ልምምድ ሠርቶ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ መዋል ግን አያዋጣም። ጡንቻው የሚጠገንበት ሰዓት ባዶ ያልፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥም ማመም ወይም ጉንፋን ይመጣል። ሙስሊም ሯጮችም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ያመቻቸው ውድድር ዘንድሮ ላይመቻቸው ይችላል።

የመስከረሙ በርሊን ሰው ሁሉ የሚያልመው ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. 2:03:59 የገባበት፣ ትዕግስት አሰፋም በ2023 2:11:53 የሮጠችበት መንገድ ሜዳ ነው፤ አየሩም ይመቻል። ልምምዱ ግን ክረምት ላይ ነው፤ ፍልሰታም በመሀሉ አለች። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓትና ሌሊት ስለሚበዛ ጠዋት መሮጥ ይቻላል፤ ችግሩ የመንገዱ ዳር ጭቃ ሆኖ ሯጩን ወደ መሀል አስፋልት፣ ከባጃጁ ጋር ወደ መጋፋት መግፋቱ ነው።

በጥር ወር የሚካሄደው የዱባይ ማራቶን ለልምምድ ጥሩ ወቅት ይዟል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሐዋሳ ደረቅ ናት፤ ጠዋቱም ቀዝቃዛ ነው። በሌላ በኩል የገና ጾም አለ፤ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ለገብርኤል ንግሥ የሚመጣው ሕዝብ ከተማውን ይሞላዋል። ያ ሳምንት ረጅም ሩጫ ካለው ከከተማ ወጥቶ መሮጥ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ውድድሩ ከጥምቀት ጋር የሚጋጭ መሆን አለመሆኑን ከመመዝገብ በፊት አይቶ ከቤት ሰው ጋር መነጋገር ይገባል።

የሰኔው ኪጋሊ ከባዱን ሥራ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያመጣዋል። በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ምግብ ጭንቀት አይሆንም፤ የሚያስቸግረው የበልጉ ዝናብ ነው።

ከሁሉ የምናስቀድመው ግን ጥቅምትን ነው። ናይሮቢ በጥቅምት፣ ኢስታንቡል በጥቅምት መጨረሻ ይካሄዳሉ። ፍልሰታ ከተፈታች በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ጾም የላቸውም፤ ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የዘመን መለወጫና የመስቀል ድግስም በልክ ከተያዘ ስንቅ ይሆናል። መጀመሪያ ማራቶኑን ለሚሮጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ወር አናውቅም።

ወሩ ከተያዘ በኋላ አካሉ የለመደው አየርና መሬት ይታያል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ኪጋሊ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ናይሮቢም ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ስለሆኑ ትንፋሹ አዲስ አይሆንም። ዱባይና ኢስታንቡል ባሕር ዳር ናቸው፤ እዚያ ትንፋሽ ይቀላል፤ ሰው የሚበላሸውም በዚሁ ነው። ደረት አልከብድ ሲል እግር ይፈጥናል። የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ከታቀደው በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ ፈጥኖ ያልፋል፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጭኑ ይታሰራል። ትንፋሽ ስለቀለለ የጡንቻው ስንቅ አይጨምርም። ሰዓት እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ካቀዳችሁት በኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ዘግይታችሁ ሩጡ፤ ከ30 በኋላ ጉልበት ካለ ያን ጊዜ ይጨመራል።

ለዱባይ ሌላው ጉዳይ ወበቅ ነው። በጥር ጎህ ሲቀድ ቀዝቀዝ ቢልም አየሩ እርጥብ ነው፤ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድበት ሯጭ ፀሐይ ላይ ይጨርሳል። የሐዋሳ ከሰዓት ፀሐይ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ለመነሳት ሁለት ሳምንት ሲቀር ቀላሉን የ45 ደቂቃ ሩጫ ከጠዋት ወደ ቀኑ 9 ሰዓት አዙሩት። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ፈጣኑን ልምምድ ግን በሙቀት አትሥሩት።

ኪጋሊ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ለእሷ የሐይቁ ዳር ሜዳ ብቻውን አያዘጋጅም። የታቦር ተራራ ለአጭር ድግግሞሽ፣ የአላሙራ በኩል ደግሞ ለረዘም ያለ ዳገት ይሆናል። ቁልቁለቱንም ሩጡት፤ ብዙ ሰው ዳገቱን ሮጦ ቁልቁል በእግሩ ይሄዳል። ውድድር ላይ ጭን የሚያደቀው ግን ቁልቁለት ነው፤ ያልለመደ ጭን 25 ኪሎ ሜትር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የካቲት አጋማሽ አካባቢ ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ላይ የሚካሄደው የኪሊማንጃሮ ማራቶን ለዕረፍት ብዙ ሰው ይስባል። ሞሺ ዝቅተኛና ሞቃት ናት፤ ማራቶኑ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወደ ምዌካ ዳገት ስለሚወጣ የመጀመሪያው ሜዳ እንዳያታልላችሁ። እዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ተራራውንም መውጣት ያምረዋል። ማራቶን ሮጦ በማግስቱ 5,895 ሜትር ላይ የሚያልቅ ጉዞ መጀመር ግን ጉልበትን ማጥፋት ነው፤ በተለይ መውረጃው ለቆሰለ ጭን አይሆንም። ከሩጫው በኋላ መኪና ላይ ተቀምጦ አራዊት ማየት ይሻላል፤ ተራራው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ዕረፍቱ ከሩጫው በኋላ ይሁን፤ ይህን ስንል ያለ ማመንታት ነው። ከሩጫው በፊት የተያዘ ሽርሽር እግር ይጨርሳል፤ ሙዚየምና ገበያ ሲዞር የሚውል ሰው ሳያውቀው 15 ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ አዲስ ምግብ ይቀምሳል፤ ሆዱም ይረበሻል። ውድድሩ ብዙውን ጊዜ እሁድ ነው። የሰዓት ልዩነት በሌለበት ኢስታንቡልና ናይሮቢ ሐሙስ መድረስ ይበቃል። ዱባይና ኪጋሊ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ስለሆነ ለውጥ የለውም። ወደ ኒው ዮርክ ወይም ቶኪዮ የሚሄድ ግን ለየአንዱ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያስብ። ዓርብ የመሮጫ ቁጥር ይወሰዳል፤ ትልልቅ ውድድሮች ላይ በዕለቱ ጠዋት ቁጥር አይሰጥም፤ ፓስፖርት ይዞ በአካል መገኘትም ግድ ነው። ቅዳሜ 20 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ አልጋ። ሰኞ በእግር ዝግ ብሎ መንሸራሸር፣ ማክሰኞና ረቡዕ የጀልባና የአውቶቡስ ጉብኝት፣ ደረጃ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ ለመጨረሻ።

አብሮ የሚሄደው የቤት ሰው የማይሮጥ ከሆነ ከሩጫው በኋላ ያሉትን ቀናት እሱ ወይም እሷ ይምረጡ። ከሩጫው በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት ሯጩ ለራሱ ስለሚወስድ ይህ ፍትሐዊ ነው። ልጆች ካሉ መነሻና መድረሻው አንድ ቦታ የሆነ፣ ወይም ሄዶ በዚያው መንገድ የሚመለስ ውድድር ምረጡ፤ ቤተሰብ አንድ ቦታ ቆሞ ሁለት ጊዜ ያያችኋል። ሆቴሉ ከመድረሻው አጠገብ ይሁን። ጠዋት ወደ መነሻው ለመሄድ ጉልበት አለ፤ ሩጫው ካለቀ በኋላ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር መራመድ እንኳ ረጅም ነው።

ሮም ለኢትዮጵያዊ ሯጭ ለየት ያለች ናት። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ጫማ ሳያደርግ 2:15:16.2 በሆነ ሰዓት የጨረሰው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፤ ቅስቱ ከኮሎሲየሙ አጠገብ ዛሬም ቆሟል። የመጋቢቱ ማራቶን የሚነሳውም በዚያው አካባቢ ነው። በጾም ምክንያት ማራቶኑ የማይመቸው ሰው በሌላ ወር ሄዶ ቦታውን ረግጦ ሊመለስ ይችላል። ለሚሮጥ ግን ሁለት ነገር፦ የመሀል ከተማው መንገድ ኮብልስቶን የበዛበት ስለሆነ ሶሉ በጣም ቀጭን ወይም በጣም ለስላሳ የሆነ ጫማ ቁርጭምጭሚት ያደክማል፤ ጣሊያን ደግሞ ከሯጭ የሐኪም ማስረጃ ትጠይቃለች። ቅጹን ከውድድሩ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ሐዋሳ ላይ አስሞሉት፤ ሐኪሙ በራሱ ደብዳቤ የሚጽፈውን ማስረጃ ላይቀበሉት ይችላሉ።

ወረቀቱ ከሩጫው ባልተናነሰ ያደክማል። ለኬንያ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች። ለምሥራቅ አፍሪካ ጉዞ የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ትኩሳት ሊያመጣ ስለሚችል በከባዱ የልምምድ ሳምንት አትውሰዱት። ለሼንገን፣ ማለትም ለአብዛኛው አውሮፓ የጋራ ቪዛ፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቀጠሮ ግን ቶሎ ስለሚሞላ በሩ ሲከፈት ማመልከት ይሻላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የውድድሩ ምዝገባ ማረጋገጫ የጉዞውን ምክንያት ስለሚያስረዳ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውጣት አይቀርም፤ 275 ኪሎ ሜትር ተቀምጦ ሄዶ በማግስቱ ረጅም ሩጫ አይሮጥም፤ ቀጠሮውን በሳምንቱ መጀመሪያ አድርጉት።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይጠመዳል። የምዝገባ ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ሳጥን እንደተጻፈ አይታችሁ ፊደል በፊደል እሱኑ ገልብጡ፤ ለአውሮፕላን ቲኬቱም፣ ለቪዛውም፣ ለውድድሩም። ውጭ ያለ ዘመድ ሲመዘግብላችሁ ደግሞ በጥሪ ስማችሁ ሊጽፍ ስለሚችል የፓስፖርቱን ፎቶ ላኩለት። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚጠየቅ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ካልሰጣችሁ ያለ ዘመድ እርዳታ አይሆንም። ቀኑንም በእነሱ አቆጣጠር አረጋግጡ፤ ሰዓቱንም እንዲሁ፤ እነሱ 7 ሰዓት ሲሉ የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ቪዛ ቢከለከል ምዝገባው ይመለሳል ወይስ ለከርሞ ይተላለፋል የሚለውን ከመክፈል በፊት አንብቡ፤ አብዛኞቹ አይመልሱም። ውድድር ራሱም ሊሰረዝ ይችላል። ኒው ዮርክ በ2012 እ.ኤ.አ. በአውሎ ነፋስ ምክንያት፣ ኬፕ ታውን ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. በዕለቱ በነፈሰው ኃይለኛ ነፋስ ተሰርዘዋል፤ ሯጮቹ ደርሰው ነበር። ስለዚህ ውድድሩ ባይኖር እንኳ ልትሄዱበት የምትወዱትን ቦታ ምረጡ።

ሻንጣ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ለሩጫው የሚያስፈልገው ሁሉ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይገባል። የተፈተነው ጫማ፣ ካልሲ፣ ቁምጣ፣ ካናቴራ፣ ቫዝሊን፣ ሰዓት። ሻንጣ ዘግይቶ ቢመጣ ልብስ ይገዛል፤ በረጅም ሩጫ የተለማመዳችሁበት ጫማ ግን አይገዛም። ጄል፣ ማለትም እየሮጡ የሚወሰደው ወፍራም የስኳር ምግብ፣ በኤርፖርት እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ሆኖ በአንድ ሊትር ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ መግባት አለበት። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ለማግኘት ሁለት ጄል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለአራት ሰዓት ሩጫ ሰባት ስምንት ይያዛል።

በሶ ለለመደው ሆድ ከማንኛውም የውጭ ቁርስ ይሻላል። ደረቁን ዱቄት በታሸገ ከረጢት፣ ምንነቱን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ያዙ፤ ከሩጫው ሦስት ሰዓት በፊት በውኃና በስኳር ይበጠበጣል። ጭኮ ግን ወደ አውሮፓ አትውሰዱ። ቅቤ አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከመንገደኛ አይቀበልም፤ ቋንጣም በዚሁ ይወረሳል። ዱባይ ዴራ ውስጥ፣ ሮምም በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ይሁንና እንጀራው ለሰኞ ይቆይ። ሊሮጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰው አሰር የበዛበት ምግብ ቀንሶ ሩዝ፣ ፓስታና ዳቦ ቢበላ በመንገድ ላይ ሽንት ቤት አይፈልግም።

ፓስፖርት ሳያወጡ ለመጀመር የሚፈልጉ፣ በተለይ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ወደ እኛው ቢመጡ ደስ ይለናል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እዚህ ግማሽ ማራቶን ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ደግሞ በኃይሌ ስም የተሰየመ ሙሉ ማራቶን ተሮጧል። ከ2,300 ሜትር ወደ 1,700 የሚወርድ ሯጭ ትንፋሹ ይቀለዋል፤ ፀሐዩ ግን ከአዲስ አበባው ይከብዳል፤ ኮፍያ ያድርግ፤ በየውኃ ጣቢያው ይጠጣ። በመኪና የሚመጣ ዓርብ ይግባ፤ ቅዳሜ ማታ ደርሶ እሁድ ጠዋት የሚሮጥ እግሩ እንደታሰረ ይነሳል። በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል፣ በፍቼ ጨምበላላም ሰሞን አልጋ ስለማይገኝ ቀድሞ መያዝ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ከሩጫው በኋላ ነው፤ ጥሬው በፊትም በኋላም ይቅር። ማታ ማታ ትንኝ አለች፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። የወንዶ ገነት ፍል ውኃ እግር ያፍታታል፤ ሆኖም ሩጫው በተጠናቀቀበት ዕለት ውኃ በጎደለው ሰውነት ሙቅ ውኃ ውስጥ መግባት ራስ ያዞራል፤ በማግስቱ ሂዱ።

በሮጡበት ዕለት አውሮፕላን ላይ አትሳፈሩ። ጡንቻው የተጎዳ፣ ውኃው የጎደለ ሰው ለሰዓታት ሲቀመጥ ደም እግር ላይ የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ በበረራው ላይ በየሰዓቱ ተነሱ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱም ሞጆና ባቱ ላይ ወርዳችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ተራመዱ። ሁለቱም እግር እኩል ቢያም የሩጫው ነው፤ በሦስት አራት ቀን ይለቃል። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ሲነካ የሚያም ከሆነ ግን ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ አታሳሹት። የረጋ ደም ከሆነ መታሸቱ ወደ ሳንባ ሊያሻግረው ይችላል፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ማራቶን ሮጣችሁ ከበረራ እንደመጣችሁ ንገሩ።